አምና ቫታ፣ ዘንድሮ ፒታ

ባለፈው እትም ለአንድ አንባቢ ስመልስ፣ በሕንድ ባህላዊ ሕክምና በአዩርቬዳ ሰው ሲፈጠር ይዞት የሚመጣ የሰውነት ባሕርይ አለ ተብሎ እንደሚታመን በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ደብዳቤ ሳይ ሁለት መስመር እንዳልበቃ ገባኝ። የዛሬው ዓምድ ሙሉውን የዚሁ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላልሰማ አንባቢ ያህል፦ ባሕርዩን ፕራክሪቲ ይሉታል። መሠረቶቹ ሦስት ናቸው፤ ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ። ከሦስቱ አንዱ ሊያይል ይችላል፤ ሁለቱ ሊጣመሩ ይችላሉ፤ ሦስቱም እኩል የሆኑለት ሰውም አለ ይባላል። ተደምሮ ሰባት ዓይነት ነው። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው እንደሚለው ቫታ ያየለበት ሰው ቀጭን፣ ቆዳው ደረቅ፣ ብርድ የማይችል፣ እንቅልፉ ትንሽ፣ ነገር ቶሎ የሚገባውና ቶሎ የሚረሳ ነው። ፒታ ሙቀት አይችልም፤ ረሀብና ጥም ይጠናበታል፤ ሽበትና ራሰ በራነት ይቀድሙበታል። ካፋ ደግሞ ሰውነቱ የሞላና የጠነከረ፣ አረማመዱ ዝግ ያለ፣ ምግብ ቢዘገይበት የማይነጫነጭ ነው። ዘመድ ወዳጆቻችሁን እየመደባችሁ እንደምታነቡ አውቃለሁ። እኔም ባለቤቴን ገና ድሮ መድቤያታለሁ፤ የትኛው ጋ እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። አምና ወገቤን ሲያመኝ አሠሪዬ ሕንዳዊት ስለሆነች እሷ ወደምትታከምበት የአዩርቬዳ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የእጄን ትርታ አዳምጦ፣ ጥቂት ጠያይቆኝ «ቫታ ነሽ» አለኝ። ዘንድሮ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ወረቀት አስሞሉኝና «ፒታ ነሽ» አሉ። ብይ የተባልኩት አትብይ፣ አትብይ የተባልኩት ብይ ሆኖ መጣ። ባሕርይ አይለወጥም ይሉ የለ? የቱን ልመን? (ስሜ ይቅር፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚመራመሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባውን ነው የጠየቅሽው። ብዙዎቹ ግን ዘለውት ያልፋሉ።

ትምህርታቸው እንደሚለው ፕራክሪቲ ከፅንስ ጀምሮ የተወሰነ ነው፤ አይለወጥም። የሚለወጠው ቪክሪቲ የሚሉት፣ ማለትም አሁን ያለሽበት ሁኔታ ነው። ወገብሽን ሲያምሽ እንቅልፍ ታጫለሽ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የቫታ ምልክት ያሳያል። በሐምሌ የዱባይ ሙቀት ከቤት ወጥተሽ ከሆነ ላብሽና ጥምሽ ፒታ ያስመስልሻል። ሁለተኛው ክሊኒክ ያስሞላሽ ወረቀት «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ሲል ከልጅነትሽ ጀምሮ ያለውን ነው ወይስ የዚህን ወር? ይህን ካልለየ የጠየቀሽ ስለ ባሕርይሽ አይደለም፤ ስለ ሰሞኑ ውሎሽ ነው።

ሌላው ምክንያት ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት አሥራ አምስት የተመዘገቡ የአዩርቬዳ ሐኪሞች ሃያ ጤነኛ ሰዎችን ለየብቻ እንዲመረምሩ አድርጎ ነበር፤ ትርታ፣ ምላስ፣ የሰውነት ባሕርይ። የእርስ በርስ ስምምነታቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ያንቺ ነገር ብርቅ አይደለም።

በሕንዷ ፑኔ ከተማ በተማርኩበት ዘመን በአንድ የአዩርቬዳ ኮሌጅ የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ እንዳይ ተፈቅዶልኝ ነበር። ሁለት ቫይድያዎች፣ ማለትም የአዩርቬዳ ሐኪሞች፣ ነበሩ። አዛውንቱ ብዕራቸውን የሚያነሡት ታካሚው ከበሩ እስከ ወንበሩ በሚራመድበት ጊዜ ነው። ተረከዙ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ ይንቋቋ እንደሆነ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን ይስበው ወይ ይገፋው ያያሉ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን አንጓው ላይ ያሳርፋሉ፤ አመልካች ጣት ለቫታ፣ የመሃል ጣት ለፒታ፣ የቀለበት ጣት ለካፋ፤ ለወንድ ቀኝ እጅ፣ ለሴት ግራ። ወጣቱ ግን የታተመ ቅጽ ይዞ ከላይ ወደ ታች እየጠየቀ ምልክት ያደርጋል። አንድ ቀን የከተማ አውቶቡስ ሾፌር መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ። ወጣቱ ደመረና «ፒታ» አለ፤ ላቡ፣ ረሀቡ፣ መላጣው። አዛውንቱ «ካፋ» ብለው ጽፈዋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሳቁና «ሞተር አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የማያልበው ማን ነው?» አሉኝ።

መልሳቸው ብልህ ነው። ጥናት ላይ ግን ብልህነት ብቻውን አይበቃም። ሾፌር ሲሆን የላቡ ምልክት እንደማይቆጠር የትም አልተጻፈም፤ እሳቸው ጋ ብቻ ያለ ሕግ ነው። በክንድ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ሱቅ ግን ሌላ ክንድ አለ።

ወደ ወገብሽ ስንመለስ፦ ከሁለቱ የባሕርይ ስሞች አንዱንም አጥብቀሽ አትያዢ፤ ምግብም በዚህ ምክንያት አትቁረጪ። ሕመሙ ወደ እግርሽ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝሽ ወይም ጉልበት የሚያሳጣሽ ከሆነ መደበኛ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ደግሞ ቀን ሳትቆጥሪ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ዱቄት ወይም ክኒን ሰጥተውሽ ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቂ፤ ማሸጊያውንም ለሐኪም አሳዪ። በ2004 በቦስተን አካባቢ ከሚገኙ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ሲመረመሩ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በሕንድ መንግሥት ስኮላርሺፕ ፑኔ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ እዚህ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የፕራክሪቲና የደም ግፊትን ግንኙነት እንዳጠና ሐሳብ አቀረቡልኝ። አንድ መጠይቅ አግኝቻለሁ። ወደ አማርኛ መልሼ በቴሌግራም ልበትነው ነው። ምን ይጎድለዋል? (የፑኔ ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ይጎድለዋል፤ ሐሳቡን ግን አትጣለው።

ከመጠይቁ እንጀምር። «አንድ መጠይቅ» ያልከው የትኛው ነው? ማን አዘጋጀው? ስንተኛው እትም ነው? አንዳንድ ወረቀቶች «ፕራክሪቲ በመደበኛ መጠይቅ ተለካ» ብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። እንዲህ ያለ መስመር ሲገጥመኝ የቀረውን አላነብም፤ ምን እንደለካ ያልነገረኝ ሰው ውጤቱን ቢነግረኝ ምን አደርግበታለሁ? ስም ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። አዩሶፍት የሚባለውን ሶፍትዌር የሠራው እዚያው ከተማህ የሚገኘው ሲዳክ የሚባለው የመንግሥት የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል ነው። ኒው ዴልሂ ያለው የአዩርቬዳ ሳይንስ ምርምር ማዕከላዊ ምክር ቤት የራሱ መለኪያና የአሠራር መመሪያ አለው። የማይሶር ትሪዶሻ መለኪያ የሚባልም በ2011 ታትሟል። ከእነዚህ የትኛውንም ብትመርጥ ለምን እንደመረጥከው ጻፍ። ሦስቱን ቀላቅለህ የራስህን አራተኛ እንዳትፈጥር ብቻ።

ቀጥሎ የነጥብ አቆጣጠሩን ጠይቅ። ቻራካም፣ ሌላው ጥንታዊ መጽሐፍ ሱሽሩታም የእያንዳንዱን ባሕርይ ምልክት ይዘረዝራሉ፤ ዝርዝራቸው ግን አንድ አይደለም። የትኛው ምልክት ስንት ነጥብ እንደሚያወጣም አይናገሩም። የዛሬ መጠይቅ ግን ነጥብ መስጠት ግድ ይለዋል። ደረቅ ፀጉርና የሚንቋቋ መገጣጠሚያ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ካገኙ ያ የአዘጋጁ ውሳኔ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም። አንድ ሰው 45 ከመቶ ቫታ፣ 40 ከመቶ ፒታ ቢወጣ «ቫታ» ትለዋለህ ወይስ «ቫታ ፒታ»? ድንበሩን መረጃ ከመሰብሰብህ በፊት ወስነህ ጻፈው። ውጤቱን አይቶ ድንበር የሚያዛውር ሰው የፈለገውን ከማግኘት የሚያግደው የለም።

ቴሌግራሙን ተወው። መገጣጠሚያ መንቋቋቱን፣ የቆዳን ልስላሴ፣ አረማመድን፣ ድምፅን ሰው ስለ ራሱ በስልክ አይሞላውም፤ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው። ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ መዛኞች ያስፈልጉሃል። ሁለቱም ያንኑ ሰው ለየብቻ ይዩ፤ አንዱ የሌላውን መልስ አይይ። የደም ግፊቱን የሚለካው ደግሞ ሰውዬው ምን ተብሎ እንደተመደበ አይወቅ፤ መዳቢዎቹም ግፊቱን አይወቁ። ግፊቱ ከፍ ማለቱን የሰማ መዛኝ ፊቱ የቀላውን ሰው ወደ ፒታ መጎተቱ አይቀርም፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ሰው ስለሆነ ነው።

ከዚያ ስምምነታቸውን አስላ። በመቶኛ ብቻ እንዳትዘግብ። ሁለቱ መዛኞች መቶ ሰው አዩ እንበል፤ ሁለቱም 40 ሰው ቫታ፣ 40 ሰው ፒታ፣ 20 ሰው ካፋ ብለው መደቡ። በ60 ሰዎች ላይ ተስማሙ። ስድሳ ከመቶ ደህና ይመስላል። ሆኖም ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው በዚሁ ድርሻ ቢያድሉ እንኳ 16ቱ በቫታ፣ 16ቱ በፒታ፣ 4ቱ በካፋ በአጋጣሚ ይገጥማሉ፤ 36 መሆኑ ነው። ከአጋጣሚ በላይ ያገኙት 24 ብቻ ነው፤ ሊያገኙት ይችሉ የነበረው 64 ነበር። 24ን ለ64 ስታካፍል 0.375 ይመጣል። ይህ ቁጥር የኮኸን ካፓ ይባላል (ከካፋ ጋር እንዳታምታታው)። በተለመደው ሚዛን ከመካከለኛ በታች ነው። በዚህ መለኪያ ሰው መድቦ «ካፋዎች የደም ግፊታቸው ይበልጣል» ማለት፣ ከሰዎቹ ብዙዎቹ በተሳሳተ ክፍል ተቀምጠው ውጤት መናገር ነው። እነዚያኑ ሰዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድጋሚ አስመዝናቸው። አይለወጥም የተባለ ነገር በሳምንታት ውስጥ ከተለወጠ የተለካው ፕራክሪቲ አይደለም።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፤ አማካሪህም ላያውቁት ይችላሉ። እነዚህ መጠይቆች የተዘጋጁት ሕንዳውያንን በማሰብ ነው። «ምግብ ቢያልፍህ ትቸገራለህ?» የሚል ጥያቄ አለ እንበል። «አልቸገርም» የሚለው መልስ ወደ ካፋ ይቆጠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ልጅ ምን ይመልሳል? «ኧረ ምንም አልል» ነው የሚልህ። በረመዳን ያደገውም ያንኑ ይላል። ልማዳቸው ባሕርይ መስሎ ይደመራል፤ አንተም ኢትዮጵያውያን በብዛት ካፋ ናቸው የሚል ግኝት ይዘህ ትመጣለህ! ብርድና ሙቀትን መቻልም እንደዚሁ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅና የሰመራ ልጅ «ብርድ ትችላለህ?» ሲባሉ የሚያስቡት ብርድ አንድ አይደለም። የቆዳ ቀለምና የፀጉር ዓይነት ጥያቄዎችን ደግሞ አንተው ራስህ ሞክራቸው፤ እኔ ስሞላ ከተሰጡት ሦስት ምርጫዎች አንዱም የእኔን ፀጉር የሚመስል አልነበረም።

ስለዚህ ትርጉሙ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። ሁለት ሰው ለየብቻ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ታርቆ አንድ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ከዚያ ለጥቂት ተማሪዎች ስጥና «ይህ ጥያቄ ምን የጠየቀህ መሰለህ?» በላቸው። እዚህ ላይ የምትሰማው ያስቅሃል፤ ሥራህንም ያድነዋል።

ዕድሜ መድብ። በአዩርቬዳ ትምህርት ልጅነት የካፋ፣ ጉልምስና የፒታ፣ እርጅና የቫታ ዘመን ነው፤ የአሥራ ዘጠኝና የሃምሳ ዓመት ሰው ብትቀላቅል ዕድሜን ከባሕርይ መለየት ያቅትሃል። ጤነኞቹን ብቻ ውሰድ፤ መድኃኒት የሚወስዱትን ለይ። የናሙናህንም ብዛት ቁጭ ብለህ አስብ። ሰባት ዓይነት ባሕርይ አለ፤ ያገኘሃቸውን ተማሪዎች ለሰባት ስታካፍል አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ይቀርሃል። ከሁለት ሰው የደም ግፊት ምን ይወጣል?

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ሕንዶቹን ለመንቀፍ አይደለም። ራሳቸው የሚሉት ነው። በ2016 ሁለት የአዩርቬዳ ተመራማሪዎች በዘርፉ መጽሔት ላይ፣ ፕራክሪቲን የሚያጠና ሰው ወረቀቱ ላይ ምን ምን መዘርዘር እንዳለበት ጽፈዋል። ፈልገህ አንብበው፤ ፈታኞችህም ሳያነቡት አይቀሩም።

እኔ አንተን ብሆን የደም ግፊቱን ለጊዜው አስቀምጠው ነበር። «ይህ መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን ሲቀርብ ሁለት መዛኝ ይስማማል ወይ? ከወር በኋላስ ያንኑ ይሰጣል ወይ?» ይህ ብቻውን የማስተርስ ጽሑፍ ነው፤ ውጤቱ አዎ ቢሆንም አይ ቢሆንም ይጠቅማል። አማካሪህ ቅር ካላቸው ይህን ዓምድ ተርጉመህ አንብብላቸው፤ ስድብ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ «ፕራክሪቲ በጂን ተረጋግጧል፣ አለቀ» ይለኛል። እውነት አልቋል?

መልስ፦ አላለቀም፤ ከምንም የተነሣ ወሬ ግን አይደለም።

የሚጠቅስልህ በ2015 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን ሳይሆን አይቀርም። ሃይደራባድ ያለው የሴልና ሞለኪውል ባዮሎጂ ማዕከል የመራው ሥራ ነው። 3,416 ሰዎች ተጣርተው፣ ባሕርያቸው ጎልቶ የወጣ 262 ወንዶች ተመረጡ። የሐኪሞቹ ምደባ ብቻውን አልተወሰደም፤ በአዩሶፍትም ተመሳክሯል። ይህን አደንቃለሁ፤ የመለኪያውን ነገር ከምር ይዘውታል። ከዚያ የዘር ቅንጣታቸው ሲታይ በሦስቱ ክፍሎች መካከል የሚለያዩ 52 ነጥቦች ተገኙ። ፒጂኤም1 የሚባለው፣ ሰውነት ስኳርን በሚለዋውጥበት ሂደት ውስጥ በሚሠራው ሥራ የሚታወቅ ጂን፣ ከፒታ ጋር ተያያዘ። ፒታ የምግብ መፈጨትና የሙቀት ባሕርይ ስለሆነ ነገሩ ጆሮ ይስባል።

አሁን አንተ የላብራቶሪ ሰው ስለሆንክ ሁለት ነገር ተመልከት። በመላው ጂኖም ላይ ፍለጋ ሲደረግ በተለምዶ የሚጠየቀው የስታቲስቲክስ ደፍ፣ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን የሚቀመጠው ድንበር፣ ከመቶ ሚሊዮን 5 ነው። እነሱ የተጠቀሙበት ከመቶ ሺህ 1 ነው። መቶ ሺዎች ነጥብ ሲፈተሽ በዚህ ላላ ባለ ደፍ በአጋጣሚም የሚያልፍ ይኖራል። ሁለተኛ፣ 52ቱ ነጥቦች 262ቱን ሰዎች በየክፍላቸው ለይተው አስቀመጡ ይላሉ። ነጥቦቹ የተመረጡት ግን እነዚያኑ ሰዎች ስለሚለዩ ነው! ለፈተናው መልሱን ካየ በኋላ የተቀመጠ ተማሪ መቶ ቢያመጣ አልገረምም። የሚገርመኝ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌሎች ሐኪሞች የተመደቡ አዲስ ሰዎች ላይ ያው 52 ቢሠራ ነው።

ሌላም መስመር አለ። ዴልሂ ያለው የጂኖሚክስና የተቀናጀ ባዮሎጂ ተቋም ቡድን በ2008 ባሕርያቸው ወደ ጫፍ ያዘነበለ ጤነኛ ሰዎችን ደምና የጂን እንቅስቃሴ አወዳድሮ ልዩነት ዘግቧል። በ2010 ደግሞ ከዚሁ ተነሥቶ ኢጂኤልኤን1 የሚባለውን ጂን ከከፍታ ቦታ ኑሮ ጋር አያያዘ፤ ቲቤታውያን ላይ ስሙ የገነነው ጂን ነው። እነዚህ ሥራዎች የሚነግሩን፣ ጎበዝ ሐኪም አይቶ የለያቸው ሰዎች በደማቸውም ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው። ጫፍ ላይ ያሉትን ነው የወሰዱት ግን፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ድብልቅ ነው። ስለ ድብልቁ ሰው፣ ስለ አንተና ስለ እኔ፣ ከዚህ የሚወጣ ብዙ የለም።

ለባልደረባህ እንዲህ በለው፦ «ሐኪሞቹ ሲመድቡ በራሳቸው መካከል ካፓቸው ስንት ነበር?» ውይይቱ ከዚያ በኋላ ጥሩ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኛም ሊቃውንት ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ይላሉ። ዐውደ ነገሥቱም ሰውን በኮከቡ ይለየዋል። ይህን ትተህ የሕንዱን ማብዛትህ ለምን ይሆን? (አንድ አባት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አባቴ፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። ዝምድናውን አይተው መጠየቅዎም ትክክል ነው። እነሱ አምስት ይቆጥራሉ፤ ሕዋ ወይም ክፍት ቦታ ይጨምሩበታል። ቫታን ከነፋስና ከሕዋ፣ ፒታን ከእሳትና ከውሃ፣ ካፋን ከውሃና ከመሬት ያወጡታል። የግሪኮቹ አራት ፈሳሾችና ዛሬም በሕንድ የሚሠራበት የዩናኒ ሕክምና ሚዛጅ የሚለው የሰውነት ጠባይም የዚሁ ጎረቤት ናቸው።

ዐውደ ነገሥትን ካነሡ ግን አንድ ነገር ልበል። እዚያ የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተቆጥረው ለአሥራ ሁለት ይገደፋሉ፤ የተረፈው ኮከቡን ይናገራል። ቁጥሩን የሚያውቁ ሁለት ደብተራዎች በአንድ ስም ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ ጎንደር ሌላው ጎጃም ቢሆን፣ ያው መልስ ላይ ይደርሳሉ። ከላይ ለፑኔው ተማሪ ያሰላሁለት ካፓ እዚህ አንድ ሙሉ ይሆናል፤ የሕንድ ሐኪሞች በሕልማቸውም አያገኙትም። ታዲያ ስምምነቱ ሰውዬው ታማሚ ይሁን ጤነኛ ምንም አልነገረንም፤ ስምን እንጂ ሰውነትን አላየምና። ስለዚህ ለተመራማሪ ሁለት የተለያየ ጥያቄ አለበት፦ መዛኞቹ ይስማማሉ ወይ? የተስማሙበትስ ስለ ሰውነቱ አንዳች ይናገራል ወይ? ሕንዶቹ አሁን ገና በመጀመሪያው ላይ እየታገሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ሁለተኛው ዘለዋል። የእኛዎቹን ባሕርያት በዚህ መንገድ የሚያጠና ሰው ቢነሣ ዓምዱን በደስታ እለቅለታለሁ።

ጥያቄ፦ ሕንድ ውስጥ መንግሥት ራሱ ሕዝቡን በስልክ መተግበሪያ እየመደበ ነው ሲባል ሰምቼ እኔም አንድ አውርጄ ሞላሁ። ካፋ ነህ፣ ቁርስ ይቅርብህ አለኝ። የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። ልተው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቁርስዎን ይብሉ። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ፣ ምግብ መዝለል ስኳርዎን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያወርደው ይችላል። የምግብ ሰዓት መለወጥ ቢያስቡ መድኃኒቱን ካዘዘልዎ ሐኪም ጋር ብቻ ይሁን።

የሰሙት ዘመቻ እውነት ነው። የሕንድ የአዩሽ ሚኒስቴር፣ ማለትም የባህላዊ ሕክምናዎች ሚኒስቴር፣ ከኅዳር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ባካሄደው ዘመቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው በመተግበሪያ ተመድቧል፤ የጊነስ መዝገብም ውስጥ ገብተውበታል። ቁጥሩ ያስደንቃል። እኔ ግን ከ12 ሚሊዮኑ ጥቂት ሺዎቹ፣ የመጀመሪያውን ውጤት ባላየ በሌላ መዛኝ እንደገና ቢታዩ የሚወጣውን ሠንጠረዥ ነው ማየት የምፈልገው። ከላይ የተጻፈላትን የዱባይዋን እህታችንን ደብዳቤ አንብበው ከሆነ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። እርስዎ ያወረዱት መተግበሪያ የዚያ ዘመቻ ይሁን የሌላ ነጋዴ ስሙን አልጻፉልኝም፤ የማንም ይሁን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይጠይቅ ቁርስ የሚያስተው ከሆነ ከስልክዎ ያጥፉት።